“አለቀ” የተባለ ግቢ በሐምሌ ሲታይ

በበጋ ሁሉም ኮብልስቶን ቆንጆ ነው። በጥርና በየካቲት የፈለጋችሁትን ሰፈር ብትዞሩ፣ የተነጠፈ ቅያስ ወይ የተነጠፈ ግቢ ስታዩ “እሰይ፣ ከአቧራ ተገላገሉ!” ብላችሁ ታልፋላችሁ እንጂ የሥራውን ደግና ክፉ አትለዩትም። ድንጋዩ አፍ የሚያወጣው ሐምሌ ሲገባ ነው። አንዱን ስትረግጡት “ጯ!” ብሎ ከሥሩ ያቆረውን ጭቃ ሱሪያችሁ ላይ ይተፋል። ሌላው እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል። ሌላ ግቢ ደግሞ ትገባላችሁ፤ ሰማዩ ተቀዶ ሲወርድበት ያረፈደው ንጣፍ ዝናቡ ካባራ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ታጥቦ የተደፋ ሰሃን መስሎ ቁጭ ብሏል። ድንጋዩ እኮ ያው አንድ ዓይነት ጥቁር ድንጋይ ነው! ታዲያ ምን ለያቸው?

እኔ መቼም ክረምት ሲገባ ጃንጥላዬን ይዤ የሰው ቅያስ መዞር ደስ ይለኛል (ሥራ ፈት በሉኝ፣ ግድ የለም)። እናላችሁ በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ ከሽሮሜዳ ተነስቼ ቁልቁል እስከ አቃቂ ለመውረድ ቆረጥኩ። መንገዱን የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ ውሃውም የሚሄደው በዚያው ነው። አዲስ አበባ ሜዳ ላይ የተቀመጠች የሚመስላችሁ ካላችሁ በእግራችሁ ሞክሯት። እንጦጦ ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ስትደርሱ ወደ 2,100 ሜትር ግድም ወርዳችኋል። ከተማችን እንደ ቆርቆሮ ክዳን ወደ ደቡብ ያዘነበለች ናት። ላይ የዘነበው በትንሹና በትልቁ አቃቂ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይነጉዳል። በመሃል ያለ ግቢ ሁሉ ለዚህ ውሃ ወይ መተላለፊያ ይሰጠዋል፣ ወይ ማደሪያ ይሆነዋል።

ለመሆኑ ምን ያህል ውሃ ነው? የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ገደማ ነው። ሚሊ ሜትር ሲባል ለጆሮ ቀላል ነው። ግን 5 ሜትር በ10 ሜትር የሆነች የመኪና መግቢያ ብትኖራችሁ፣ በዓመት ከ50,000 ሊትር በላይ ውሃ ይወርድባታል ማለት ነው። በባለ 200 ሊትሩ በርሜል 250 በርሜል! ከጣሪያ የሚወርደውን ገና አልቆጠርንም። ይህን ሁሉ ውሃ አስተናግዶ የሚሸኘው የድንጋዩ ውበት አይደለም፤ ከድንጋዩ ሥርና ከድንጋዩ መሃል ያለው ነገር ነው።

ሽሮሜዳ ከሐበሻ ልብስ መሸጫዎቹ ጀርባ ያሉት ቅያሶች አቀበት ናቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዳመናው ገና እየተሰበሰበ ነበር፤ እኔ ግማሽ መንገድ ሳልወጣ ለቀቀው። አንድ ቆርቆሮ ሥር ተጠልዬ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቅያሶችን ሳይ ቆየሁ። ተዳፋት ላይ ውሃ አይተኛም፤ ይሮጣል። ሲሮጥ ደግሞ ይሰርቃል። የሚሰርቀው በድንጋይና በድንጋይ መሃል ያለውን አሸዋ ነው። አንደኛው ቅያስ ላይ መጋጠሚያው ሁለት ጣት ያህል ተበልቶ ድንጋዮቹ ድዱ እንደሸሸ ጥርስ ብቻቸውን ቆመዋል። ሁለተኛው ግን የመንገዱ ወገብ ከፍ፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ተደርጎ ስለተሠራ ውሃው ወደ ዳር ዳር ሄዶ ቦዩ ውስጥ ገባ። አብረውኝ የተጠለሉ አንዲት እናት ምን እንደማይ ገባቸው መሰል፣ “ያኛው የሰኔ ሥራ ነው ልጄ፤ ይሄኛው የኅዳር” አሉኝ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልሰጡም፤ እኔም አላስፈለገኝም።

የሰኔ ሥራ! አገራችን ውስጥ ሰኔ ሁለት ነገር ይገናኝባታል። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ደግሞ ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው። አራት ቀን! “ሳይዘጋ እንጨርሰው” የሚለው ሰውና “መጣሁ” የሚለው ዝናብ በየዓመቱ እዚያች ላይ ይጋጠማሉ። የግል ግቢም ከዚህ አያመልጥም። በጀት የሚዘጋበት ባይኖር እንኳ “ክረምቱን እንዴት በጭቃ እንገፋዋለን?” የሚል ሰው ሥራውን የሚያስጀምረው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው።

ኮብልስቶን እንዲህ በአራት ማዕዘን ተጠርቦ ሰፈር ለሰፈር መነጠፉ ለኛ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በጀርመን የልማት እገዛ ድሬዳዋ ላይ ተሞክሮ፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው በሌሎች ከተሞች በስፋት የታየው። ብዙው ቅያስ ነዋሪው ራሱ ገንዘብ አዋጥቶ ያስነጠፈው ነው። ጥቂት ቆይቶ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ሳይቀሩ እየተደራጁ ድንጋይ መጥረብና ማንጠፍ ሲጀምሩ አገር ጉድ አለ፤ “ዲግሪ ይዞ ኮብል” መቀለጃ ሆነ። ቀልዱ ይገባኛል፤ ስንት ዓመት ተምሮ መዶሻ መጨበጥ ማንንም አያስደስትም። ግን ቀልዱ ውስጥ “ኮብል ማንጠፍ ማንም የሚችለው ነገር ነው” የሚል ንቀት ነበረበት። ሽሮሜዳ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ ለሚያይ ሰው ይህ ንቀት አያዋጣም።

ወደ አራት ኪሎና ፒያሳ ስትወርዱ ብዙ የምነግራችሁ የለኝም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ዙሪያው ከፈረሰ ወዲህ የድሮዎቹን ቅያሶች የሚፈልግ ሰው ያዝናል፤ ዋና ዋናው ጎዳና ዳር ያለው የእግረኛ መንገድም አዲስ ልብስ ለብሷል። አራት ኪሎ አካባቢ ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኮብሉ መሃል እንደ ስፌት ጠባሳ የጎበጠ መስመር ታያላችሁ። ያ የውሃ ቧንቧ የተቀበረበት ነው። ቆፋሪው ድንጋዩን ነቅሎ፣ ቧንቧውን ቀብሮ፣ አፈሩን በእግሩ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ድንጋዩን መልሶበት ይሄዳል። አንድ ክረምት ሲያልፍበት አፈሩ ይሰጥማል፤ ድንጋዩም ይከተለዋል። ቢሆንም ተነቅሎ መመለስ መቻሉ ራሱ የኮብል ትልቁ ጸጋ ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ አቃቂ ስንደርስ ትፈለጋለች።

ከሳሪስ ወዲያ አፈሩ ይለወጣል። ሰሜን ላይ ቀይ የነበረው እዚህ ጥቁር ነው፤ መረሬ። ገበሬ ለጤፍ ይወደዋል፣ ግንበኛ ግን ስሙን ሲሰማ ይተክዛል። ሲርስ እንደ ሊጥ ያብጣል፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚነፋና የሚተነፍስ መሬት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ደርድራችሁ “ቀጥ በል” ብትሉት ማን ይሰማችኋል? ስለዚህ መረሬ ላይ የሚያነጥፍ ሰው መጀመሪያ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ ያወጣል፣ በምትኩ ሰሌክት ይሞላል፣ በውሃ እያረሰ በኮምፓክተር ያስደበድባል። ገንዘቡ ግማሽ ያህሉ ማንም በማያየው ቦታ ያልቃል፤ ጭቅጭቁም የሚነሳው ከዚሁ ነው።

አቃቂ የምሄድበት ምክንያት ነበረኝ። አንድ የማውቀው ወጣት “እባክህ ና፣ ግቢያችን አፋጀን” ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ቤታቸው ከድሮው ባቡር ሐዲድ ብዙ አይርቅም። በሩን ሲከፍትልኝ ያየሁት ከበር እስከ ቤት የተዘረጋ ሰማያዊ ሸራ ነው፤ ዳር ዳሩን በድንጋይ ተጭኗል፣ መሃሉ ውሃ አቁሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትየው ስድሳ አምስትን አልፈዋል። ባለፈው ክረምት እዚያው ግቢ ውስጥ ጭቃ አንሸራቷቸው ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ ነበር። ታላቅ ልጃቸው ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ይህን ስትሰማ ለራሷ ያሰበችውን ነገር ሁሉ አቆይታ፣ “ግቢው ይነጠፍ፤ መኪና እስኪገባበት ድረስ በደንብ ይሠራ” ብላ ገንዘብ ላከች። የሥራው ኃላፊ ታናሽ ወንድሟ ሆነ። ኮብል አንጣፊ ተፈለገ፣ ቅድሚያ ተከፈለ፣ ጥቁሩ አፈር ወጣ፣ ሰሌክት ተሞላ፣ ዳሩ በኮንክሪት ተያዘ። እስከዚህ ምንም አይወጣለትም። ድንጋዩ የጭነት መኪና ጠፋ ተብሎ ሦስት ሳምንት ዘገየ። ሲመጣ ሰኔ ተጋምሷል። ሦስት አራተኛው ተደርድሮ፣ መጋጠሚያው ገና አሸዋ ሳይበላ፣ ሰማዩ ወረደ።

ታዲያላችሁ ዱባይ ያለችው እህት በየማታው ትደውላለች። “አለቀ?”

“ትንሽ ቀረው።”

“ባለፈው ሳምንትም ትንሽ ቀረው ነበር! ፎቶ ላክልኝ። ቀሪውን ብር ምን አደረግከው?”

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት ልጁን እንቅልፍ የነሳችው። ብሩ አለ፤ አልተነካም። ግን ሸራና ጭቃ ፎቶ አንስቶ ልኮ “ብርሽ እዚህ ላይ ነው ያለው” ቢላት ታምነዋለች? ውጭ ከሚላክ ገንዘብ ጋር የተያያዘ ስንት ወንድምና እህት የተቆራረጠበትን ታሪክ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እኔ አልነግራችሁም።

አንጣፊው መፍትሔ አለኝ ብሏል። “ሲሚንቶ በጥብጠን እናፍስበት። በሁለት ቀን ድርቅ ይላል። ታነሳዋለህ፣ ትልካለህ፣ ሁላችንም እንገላገላለን።” ሰውየው አጭበርባሪ አይደለም፤ ያቺን ቀሪ ክፍያ ለክረምቱ ቀለብ አስቧታል። ሐምሌና ነሐሴ ለሱ ሥራ የሌለባቸው ወራት ናቸው። እናትየው ደግሞ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማሉ፦ “የልጄን ላብ ጎርፍ እንዳይወስደው።”

እንግዲህ ሦስቱም እውነት አላቸው። ማንን ትደግፋላችሁ?

እኔ ሲሚንቶውን ተቃወምኩ። ለምን በሉኝ። ኮብል ሲነጠፍ አሸዋ ሁለት ቦታ ይገባል፤ የሁለቱ ጠባይ ግን እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል። አንደኛው ከድንጋዩ ሥር ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚነጠፈው ነው። እሱ ትንሽ እርጥበት ይወዳል። ጨብጣችሁ ስትከፍቱት ኳስ ሆኖ ከቆመ፣ ጣታችሁ መሃል ግን ውሃ ካላንጠባጠበ፣ ደግ ነው። ሁለተኛው በድንጋዮቹ መሃል የሚጠረገው ነው። እሱ አጥንቱ ድረስ መድረቅ አለበት። ጨብጣችሁ ስትለቁት እንደ ደረቅ ጨው በጣታችሁ መሃል መፍሰስ አለበት። እርጥብ ከሆነ መጋጠሚያው አፍ ላይ ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ከላይ ስታዩት ሞልቷል፣ ከውስጥ ባዶ ነው። መጥረጊያው አልፎበታል፣ ፎቶውም ያምራል። ከዚያ አንድ ዶፍ ሲወርድበት ያቺ ክዳን ትፈርስና ውሃው ሥር ይገባል። የመኪና ጎማ ሲያልፍበት እንደ ፓምፕ እየገፋ ሥር ያለውን አሸዋ ከነውሃው ወደ ላይ ያስተፋዋል። ያ “ጯ!” የሚለው ድንጋይ የሚወለደው እንዲህ ነው።

የኮብል ጥንካሬ ድንጋዩ አይደለም ያልኳችሁ ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን የሚይዘው በዚያች ደረቅ አሸዋ ነው። አሸዋው ተጨቁኖ ሲሞላ አንዱ ላይ ያረፈ ክብደት ለአሥሩ ይከፋፈላል። ካልሞላ ሁሉም ብቻውን ነው።

ሲሚንቶውስ? በዝናብ የተበጠበጠ ሲሚንቶ ሳይጠነክር ይታጠባል፤ የቀረው ድንጋዩ ፊት ላይ ነጭ እከክ ሆኖ ይኖራል። ይህም ይሁን። ሥሩ ያለው መረሬ ግን ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ አያልቅም፤ ከታች ሆኖ ይነፋል፣ ይተነፍሳል። በአሸዋ የተያዘ ድንጋይ አብሮት ትንሽ ትንሽ ይላወሳል። በሲሚንቶ የተያዘው ግን ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ መውጫ አያገኝም። የአራት ኪሎዋን ስፌት አስታውሱ፤ ነገ ቧንቧ ቢበጠስ ያን ድንጋይ በዶማ ሰብራችሁ ነው የምታወጡት። ለሁለት ቀን ፎቶ ተብሎ!

“ታዲያ ምን ልበላት?” አለኝ ልጁ። ፎቶ አትላክ አልኩት፤ ፎቶ ሁለት ጊዜ ያታልላል። ስልክህን ክፈትና ቪዲዮ ቅዳ። በአንድ እጅህ ግቢ ውስጥ ያለውን እርጥብ አሸዋ ጨብጠህ ክፈት፤ እንደ ድፎ ቁራሽ ይቀመጣል። በሌላው እጅህ በረንዳ ላይ የደረቀ አንድ እፍኝ ጨብጠህ ልቀቅ፤ ይፈስሳል። ከዚያ “የቀረን ይሄኛው ነው፣ እሱ ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል” በላት። ቀሪውን ብርም ደብተሩን ከፍተህ አሳያት።

ላከላት። ሁለት ቀን አልደወለችም (ልጁ እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት እንዳሳለፋቸው አትጠይቁኝ)። በሦስተኛው ቀን “እሺ። ግን እማዬ እስከዚያ በምን ላይ ትራመድ?” አለች። ትክክለኛዋ ጥያቄ ይቺ ነበረች! እኛ ወንዶቹ ሁላችን ስለ መኪናው መግቢያ ስንጨቃጨቅ ሴትየዋ ከበረንዳ እስከ መጸዳጃ፣ ከበረንዳ እስከ በር እንዴት እንደሚደርሱ ማንም አላነሳም።

አንጣፊው ነው መላውን ያመጣው። የኛ ክረምት አንድ ምሕረት አለው፤ ብዙ ቀን ጠዋቱ ፈካ ይላል፣ ዶፉ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ሰውየው ሁለት ማዳበሪያ አሸዋ ምድጃ ያለበት ማድ ቤት ውስጥ ቆርቆሮ ላይ አሰጣና አራት ቀን አደረቀ። በአንድ ጥሩ ጠዋት አንድ ሜትር ስፋት ያላት፣ ለእናትየው እግር ብቻ የምትሆን መንገድ ለይቶ መጋጠሚያዋን ሞላ፣ በእጅ መደብደቢያ ደበደበ፣ እንደገና ሞላ። ከቀትር በፊት ጨረሰ። የቀረውን የመኪና ክፍል ድንጋዩን መልሶ አንስቶ ዳር ላይ ከመረው፤ የተጠቀጠቀው ሰሌክት ላይ ውሃ እንዳይተኛ ወደ ቦዩ ትንሽ ፈለግ አወጣለት። የሠራበት ተቆጥሮ ተከፈለው፤ የቀረው ክፍያ ጎረቤት ባሉ አንድ ሽማግሌ ፊት በወረቀት ተጻፈ፤ ጥቅምት ላይ ሊመለስ ተስማሙ። ሙሉውን ገንዘብ ብትይዙበት ኖሮ ሰውየው ቀለብ ፍለጋ ሌላ ሥራ ይዞ ይጠፋ ነበር። ሙሉውን ብትከፍሉት ደግሞ... እናንተው ጨርሱት።

መቼ ነው ታዲያ የሚነጠፈው? ቡሄ ካለ ክረምት የለም ይባላል፤ አትመኑት። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያኔ ዝናቡ ገና በትኩሱ ነው። ለእንቁጣጣሽ ይድረስልኝ የምትሉም ተዉት፤ አደይ አበባው ቢፈነዳም መሬቱ ሆዱ ውሃ እንደሞላ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠርም ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለውን አትልቀቁ። ፀሐይ አለ፣ አሸዋ በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ነፋሱም ይረዳል። የካቲትና መጋቢትም መጥፎ አይደሉም፤ ብቻ የበልግ ካፊያ ስለማይታመን ሸራ ከአጠገባችሁ አይጥፋ፣ የዳሩን ኮንክሪት ደግሞ ፀሐዩ ሳያነደው ለሳምንት ያህል ውሃ አጠጡት። ግንቦት ላይ ግን ድንጋዩ ግቢያችሁ ውስጥ ሳይራገፍ ቁፋሮ እንዳታስጀምሩ። በወዲያ በኩል ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ድንኳን ተካዮች በአዲሱ ንጣፋችሁ መጋጠሚያ ላይ ካስማ ሲቀጠቅጡበት እንዳታለቅሱ፣ ሲነጠፍ አራት ማዕዘኑ ላይ የብረት ቱቦ አስቀብሩና በክዳን ዝጉት። ለደስታም ለሐዘንም ድንኳን አይቀርም።

ኅዳር ላይ አቃቂ ተመልሼ ሄድኩ። አንጣፊው ቃሉን ጠብቆ መጥቷል። አሸዋው ላስቲክ ላይ ተሰጥቶ ነጭ ሆኗል። ከሲባጎው ሥር እየለካ ደረደረ፤ ለያንዳንዱ አንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ቦዩ ዝቅ እያደረገ። አሸዋውን በመጥረጊያ አስገባ፣ ኮምፓክተር አስነዳበት፤ ድንጋዩ ተንቀጠቀጠ፣ አሸዋው ጠለቀ፣ መጋጠሚያው እንደገና ክፍት ሆነ። ደግሞ ሞላ። ደግሞ አስነዳ። ሦስተኛው ላይ አልጠልቅ አለ።

ከዚያ ልጁ ባልዲ አመጣ። እህቱ በስልኩ እያየች ነው። በሩ አጠገብ ደፋው። ውሃው ወደ ቦዩ ሄደ ሄደና አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ኩሬ ትቶ ሄደ። “ያቺ ምንድን ናት?” አለች ከዱባይ። ሁላችንም ዝም አልን። አንጣፊው ግን ተንበረከከና በሁለት ብረት ዘጠኝ ድንጋዮችን አወጣ፣ ሥሩ እፍኝ አሸዋ ጨመረ፣ መለሳቸው፣ ደበደባቸው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ ያቺ ኩሬ እዚያው ኖራ ታረጅ ነበር።

ሁለተኛው ባልዲ ተደፋ። ሁሉም ሄደ። ቀሪው ብር የተከፈለው ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍበት መጋጠሚያው ጥቂት መውረዱ አይቀርም፤ አንጣፊው ይህን ተናግሮ ነው የሄደው። ከመስቀል በኋላ ደረቅ አሸዋ በትኖ በመጥረጊያ ማስገባት ነው፤ ለዚህ ባለሙያ አያስፈልግም። አንድ ማዳበሪያ አሸዋ ትቶላቸዋል። እናትየው ማዳበሪያውን ማድ ቤት ከጤፉ ጆንያ አጠገብ አቁመውታል፤ “የግቢው ቀለብ” ይሉታል።